ቤቱን ከሰነዱ ጋር ስለማስማማት

ባለቤቴ ከቤታችን የወጣችው በቃሬዛ ነው። ጠብ ኖሮ አይደለም፣ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ አዳልጧት ነው። ደረጃው አሥራ አራት ነው። አንድ በአንድ በእጄ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከፍታው አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር፣ አንዱ ከሌላው በፀጉር አይበልጥም። ዕድሜዬን በሙሉ ግንበኛ ነበርኩና እንዲህ ያለው ነገር ያኮራኛል። እሷ ዳሌዋ ሲሰበር እንኳ ደረጃዬ ልኩን አልሳተም።

ሐኪሙ ብረት አስገባላትና ከእንግዲህ ደረጃ መውጣት የለም አለ። ለእሱ ቀላል ነው፣ ተናግሮ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። እኔ መኝታችንን ወደ ሳሎን ለማውረድ ሁለት ጎረቤትና ግማሽ ሰዓት በቃኝ። ሽንት ቤቱ ግን ላይ ቀረ። ሽንት ቤት በጎረቤት ትከሻ አይወርድም።

ለምን ላይ ብቻ ተሠራ ብትሉኝ፣ ልጆቼ፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በጣም ብልህ ስለነበርኩ ነው። ቤቱን ስሠራ እሷ፣ ታችም ሳሎኑ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሽንት ቤት አድርግ ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንግዳ በሩን ገና ሲከፍት ሽንት ቤት ይቀበለው ወይ ብዬ አሾፍኩባት። ሰው ጉልበት እያለው እንግዳ እንጂ እርጅና ቤቱ የሚመጣ አይመስለውም።

ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጣ የሄደችው ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ልጃችን ቤት ነው። የልጃችን ቤት ደረጃ የለውም። ሁለት ክፍል ነው፣ አራት ሰው ይኖርበታል፤ እሷ አምስተኛ ሆነች። በስልክ ስጠይቃት "ደህና ነኝ፣ ምን ጎደለብኝ" ትላለች። ልጄ ግን ለብቻዋ ደውላ ሌላ ነገረችኝ። እናቷ በዚያ በተጠገነ ዳሌዋ ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች፣ ብርድ ልብሷን አጣጥፋ ጥግ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የቤቱ ሰው እስኪነሳ ትጠብቃለች።

"አባባ፣ እማዬ እኔ ቤት ውሃ ለመጠጣት ታስፈቅደኛለች" አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ቀጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ።

ከማዘጋጃ ቤት ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፣ ይህን ልመስክር። ገና ከበር አንድ መጽሐፍ ሰጡኝ። "የግንባታ ፈቃድ በቀላሉ" ይላል፣ አርባ አራት ገጽ ነው። ሽፋኑ ላይ ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አዲስ ቤት ፊት ቆመው ይስቃሉ። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፣ አንዳቸው ላይ የሲሚንቶ ብናኝ የለም። ገና ያላመለከቱ መሆን አለባቸው።

ገጽ ሦስት ላይ ትንንሽ ሥራዎች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም ይላል። ደስ ብሎኝ ገለጥኩ። ገጽ አራት "ይሁን እንጂ" ብሎ ይጀምራል። ሥራው ከቤቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ውሃ የሚገባው ከሆነ፣ ፍሳሽ የሚወጣው ከሆነ፣ ወይም ጣሪያ ካለው ፈቃድ ግድ ነው። እኔ እንደገባኝ ያለ ፈቃድ የሚሠራው ከቤት የራቀ፣ ውሃ የማይገባው፣ ፍሳሽ የማይወጣውና ጣሪያ የሌለው ሽንት ቤት ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ድሮም ሜዳ እንለው ነበር።

እስቲ ቤቴን ላሳያችሁ፣ በኋላ ይጠቅማችኋል። ከአጥሩ በር ላይ ቆማችሁ ስታዩት የቤቱ በር በግራ በኩል ነው፣ ሳሎኑም እዚያው በግራ ነው። በቀኝ በኩል ወጥ ቤቱ አለ። ከወጥ ቤቱ ውጭ ሰው የማያየው ጠባብ መተላለፊያ አለ፣ ከላይ የሚመጣው የፍሳሽ ቱቦም በዚያ ይወርዳል። አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር የሆነች ክፍል እዚያ መተላለፊያ ላይ ልሠራ አሰብኩ። ከሳሎን ተነስቶ፣ ወጥ ቤቱን አቋርጦ፣ አንዲት ደረጃ ወርዶ ይገባባታል። ሐኪሙ ደረጃ የለም ያለው ስለ አሥራ አራቱ ነው፣ አንዷማ ደረጃ አትባልም ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ዋናው ነገር እንግዳ አያያትም። ብልህነቴ ገና አለቀቀኝም ነበር ማለት ነው።

መስኮት ቁጥር አራት ላይ አንዲት መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰካ ልጅ አለች። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ "አይሆንም" ስትል እንኳ የታመመ ሰው የምታጽናና ይመስላል። ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ መለሰችልኝ። መጀመሪያ የፈረምኩት በጥቁር ቀለም ስለሆነ ነው፤ ሰማያዊ መሆን ነበረበት። ቀጥሎ የክፍሏ ንድፍ ላይ ሰሜንን የሚያሳይ ቀስት ስለሌለ ነው። ሰሜን ቤቱን ስሠራ በነበረበት እንዳለ ነው፣ የትም አልሄደም ብላት፣ "ይሁን አባቴ፣ ይሳሉት" አለች። ሳልኩት። አገር ተረጋጋ።

ቅጹ ላይ "ሥራው በየት በኩል ነው" የሚል ቦታ ነበር። እኔም "የፍሳሽ ቱቦው በሚወርድበት በኩል" ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ይህ በቂ መሆኑን ነገረችኝ። የቤቱ ፕላን ፋይላቸው ውስጥ ስላለ፣ አዲሷን ክፍል የእነሱ ባለሙያ ቱቦው አጠገብ ይስልልኛል። ለነዋሪው ድካም ለመቀነስ የተጀመረ አዲስ አገልግሎት ነው አለች። መረቅኋት።

መልሱ በሃያ የሥራ ቀን ይደርሳል ተባልኩ። ሠላሳ አራት ቀን ቆጠርኩ። የሥራ ቀን ማለት ሥራ የሚሠራበት ቀን ማለት እንዳልሆነ የተረዳሁት ያኔ ነው። ባለቤቴ በየቀኑ ትደውላለች፣ ስለ ፈቃዱ ግን አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ስለ አየሩ ትጠይቃለች፣ ስለ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ አበባውን ውሃ አጠጣኸው ወይ ትላለች። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን ሁሌም "ሌላስ?" ትለኛለች። ያቺ "ሌላስ" ምን እንደምትጠይቅ አውቃለሁ።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን ፈቃዱ ወጣ። ሦስት ማህተም ነበረው፣ አንዱ ክብ፣ ሁለቱ አራት ማዕዘን። ማህተሞቹን አየሁ፣ ሥዕሉን አላየሁም። አርባ ዓመት ሙሉ ፕላን ሳነብ የኖርኩ ሰው!

ቤት ደርሼ ልብሴን ቀየርኩና መተላለፊያው ላይ የመሠረቱን ቦይ መቆፈር ጀመርኩ። በወጣትነቴ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፣ አሁን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መጽሐፉ ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ተቆጣጣሪው አይቶ ሳይፈቅድ ቦዩ ኮንክሪት እንዳይፈስበት ያስጠነቅቃል። ክፍቱን ይጠብቅ ማለት ነው። ጠበቀ። ሁለት ጊዜ ዝናብ ሞላው፣ ሁለት ጊዜ በባልዲ ቀዳሁት። ባለቤቴ ደውላ ምን እያደረግክ ነው ስትለኝ ዓሣ እያጠመድኩ ነው አልኳት።

ተቆጣጣሪው በዘጠነኛው ቀን መጣ። ቀጭን ረጅም ሰው ነው፣ ቀበቶው ላይ ሁለት መለኪያ ሜትር ያንጠለጥላል፣ ሰፈሩ ሁሉ "ሜትር" እያለ ነው የሚጠራው። ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ጥልቀቱን ለካ፣ ስፋቱን ለካ፣ ጥጎቹን አየ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ቦይ ካየ መቆየቱን ነገረኝ፣ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ የፈቃዱን ወረቀት ዘረጋ። ወረቀቱን አዞረ። ራሱን አዞረ። እስከ አጥሩ በር ሄዶ ቤቱን አይቶ ተመለሰ።

"አባት፣ ይሄ ቦይ የለም" አለኝ።

"አሁን ገብተህበት ለካኸው እኮ ልጄ።"

"ለክቼዋለሁ። ፈቃዱ ላይ ግን የለም። ክፍሏ በግራ ነው የተፈቀደችው። እንዲያውም በሩም የለም፣ የቤቱ በር በቀኝ ነው።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ በግራው በር ስገባና ስወጣ ነው የኖርኩት።"

"እሱን አላውቅም። እዚህ ላይ ግድግዳ ነው።"

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። ቤቴ መስታወት ውስጥ እንዳለ ሰው ግራና ቀኙ ተለዋውጧል። በሩ በቀኝ፣ ወጥ ቤቱ በግራ፣ ቱቦውም በግራ። አዲሷ ክፍል ደግሞ፣ እንዳመለከትኩት፣ ቱቦው አጠገብ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ትክክል ነው፣ የተሳሳተው ቤቱ ብቻ ነው። ሜትር አዝኖልኝ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገና "ከተፈቀደው ሰነድ ጋር አይስማማም" ብሎ ጽፎ ሄደ።

በማግስቱ መስኮት ቁጥር አራት ፊት ቆምኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ አልጠገበችም መሰለኝ ወደ መጋዘን ሄዳ የድሮውን ፕላን ይዛልኝ መጣች። ወዲያው ለየሁት፤ ያ ብርሃን የሚያሳልፈው ስስ ወረቀት ነው፣ ድሮ ፕላን የሚሳልበት። ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡት ቀን ወረቀቱን በጀርባው አስተኝተውታል። ስስ ነውና ከጀርባው ጭምር ጥርት ብሎ ይታያል። ጽሑፉ ግን ተገልብጦ አልነበብ ብሏል። ይህን ያየ አንድ ታታሪ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ፣ "ሳሎን"፣ "ወጥ ቤት"፣ "መኝታ" የሚሉትን ቃላት አንድ በአንድ አጥፍቶ በትክክለኛው አቅጣጫ ጽፎልኛል። ፊደሎቹን አስተካከለ፣ ቤቱን እንደተገለበጠ ተወው። ሊያስተካክለው ያልቻለው የእኔን ፊርማ ብቻ ነው። ፊርማዬ ከወረቀቱ ጥግ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር።

ልጅቷ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ፊርማዬን አየች፣ እኔንም አየች። ከልቧ ደነገጠች፣ አይዋሽም። ከዚያ መጽሐፉን ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ገልጣ ወደ እኔ አዞረችው። "ግንባታውና ሰነዱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ባለንብረቱ ግንባታውን ከሰነዱ ጋር ያስማማል።"

"ቤቱን ላዙረው ነው የምትዪኝ የኔ ልጅ?"

"እኔ አላልኩም አባቴ፣ መጽሐፉ ነው።"

ሌላም መንገድ ነበረው። ሰነዱን የሚያርም ኮሚቴ አለ፣ በሦስት ወር አንዴ ይሰበሰባል፣ የአሁኑ ስብሰባ ባለፈው ሳምንት አልፏል። ሲፈጥን ስድስት ወር። እስከዚያ ድረስ ፈቃዱ እንደጸና ነው፤ በግራ በኩል ብሠራ የሚነካኝ የለም። በቀኝ ብሠራስ አልኳት። "ይፈርሳል" አለችኝ፣ መልካም ቀን በምትልበት ድምፅ። የማረሚያውን ቅጽም ሰጠችኝ፣ ሞልቶ መሄድ ምን ይጎዳል ብላ። ሞላሁት፣ በሰማያዊ ቀለም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ልጄ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ወንበሯ ላይ ነበረች፣ ብርድ ልብሷ ጥግ ላይ ተጣጥፏል፣ ባለ አራት እግር መደገፊያዋ አጠገቧ ቆሟል። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ቦዩን፣ ዝናቡን፣ የተገለበጠውን ቤት፣ ስድስቱን ወር። እየነገርኳት ድምፄ ከፍ እያለ ሄደ፣ ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታን ተመለሰች። ባለቤቴ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"ግራ የምትለው የቱ ነው? በሩ አጠገብ ያለው?" አለችኝ።

"አዎ። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ። ሰው ገና ሲገባ እሷን ነው የሚያየው።"

"ከአልጋዬ ስንት እርምጃ ይሆናል?"

ዓይኔን ጨፍኜ ቆጠርኩ። "አምስት።"

"አንተ የቆፈርከውስ?"

እንደገና ጨፈንኩ። ሳሎኑን አቋረጥኩ፣ ወጥ ቤቱን አለፍኩ። "አሥራ ስምንት" አልኳት። ከዚያ መደበቅ ስላልቻልኩ፣ "አንዲት ደረጃም አለችበት" አልኩ።

አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እና የተሳሳቱት እነሱ ናቸው?" አለችኝ። "ሠላሳ አንድ ዓመት የለመንኩህን ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ገልብጦ ሰጠኝ። እንግዳ እንደሆነ እኔን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው፣ ግድግዳህን አይደለም። ሂድና ወረቀቱ እንዳለው ሥራው፣ እኔም ልግባ ቤቴ።"

ልግባ ቤቴ ስትል ድምጿ ትንሽ ተሰበረ። ቶሎ ብላ ሳል አስመሰለችው።

ሄጄ ሠራሁት። መጀመሪያ ያንን ያማረ ቦይ በገዛ አፈሩ ደፈንኩ፤ ሜትር ብቻ ነው የሚመሰክርለት። ከዚያ በበሩ በኩል ሌላ ቆፈርኩ። የፍሳሽ ዋናው መስመር ከአጥሩ በር ውጭ ስለሚያልፍ፣ በግራ በኩል ሲሆን ቱቦው ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፣ መንገዱም ያጥራል። ይህን ግንበኛ ሆኜ አለማየቴን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናንተ ነው የምነግራችሁ። ከሳሎን ወደ ክፍሏ መግቢያ ለማውጣት የድሮ ግድግዳዬን ስሰብር ግን ተማረርኩ። ማን ይሆን ይህን ያህል ሲሚንቶ የጨመረበት እያልኩ ግማሽ ቀን መዶሻ አወረድኩ።

ሜትር ሦስት ጊዜ መጣ። ቦዩን አየ፣ ቱቦውን ከመሸፈኑ በፊት አየ፣ በመጨረሻ ያለቀችውን ክፍል አየ። በመጨረሻው ቀን ከጥግ ጥግ ለካት፣ ውሃ ልክ አስቀመጠባት፣ በሯን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። "ከተፈቀደው ሰነድ ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል" ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ ላይ አጠገቧ ያለው ቤት እንደተገለበጠ ነው፣ እሱን ለማየት ግን አልታዘዘም። ሊወጣ ሲል ወለሉ እርጥብ መሆኑን አየ። መጽሐፉ የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ሳይወጣ መገልገል ክልክል ነው ይላል፣ ወረቀቱ ደግሞ በአሥር የሥራ ቀን ነው የሚወጣው።

"ወለሉ ረጥቧል አባት" አለኝ።

ባለቤቴ ከሳሎኑ አልጋ ላይ ሆና፣ "ቱቦውን እየፈተሽን ነው ልጄ። አንተም ፈትሽልን ከፈለግህ" አለችው። ከመጣች ሁለት ቀኗ ነበር። ሜትር ቀበቶውን ያዝ አድርጎ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ገብቶ ፈተሸልን።

እሷ ወደ ቤት የገባች ዕለት ልጃችን ክንዷን ልትይዛት ስትል እምቢ አለች። መደገፊያዋን እያስቀደመች ከአልጋዋ ተነስታ ወደ አዲሷ በር ሄደች። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በሆዴ ቆጠርኩ። የእኔ አምስት እርምጃ ለእሷ አሥራ አንድ ሆነ። የእኔ አሥራ ስምንትስ? ሒሳቡን ሠራሁት፣ ወደ አርባ ይጠጋል፣ ደረጃዋን ሳይጨምር። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰች፣ "ልስኑ ቆንጆ ነው" አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ብርድ ልብሷ አልተጣጠፈም። ግማሹ መሬት ወርዷል፣ እሷም እያንኮራፋች ተኝታ ነበር።

በስድስት ወሩ የታረመው ሥዕል ያለበት ደብዳቤ መጣ። ኮሚቴው አቤቱታዬን ተቀብሏል። ስህተቱን አምኖ ፕላኔን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ገልብጦታል። እግዜር ይስጣቸው፣ በሩ ወደ ግራ ተመለሰ፣ ወጥ ቤቱም ወደ ቀኝ ሄደ። ፊደሎቹንም ሳይረሱ አስተካክለዋል። ብቻ ሲገለብጡ ሉሁን በሙሉ ነው የገለበጡት። እነሱ በግራ ስለውልኝ በግራ የሠራኋት ክፍል አብራ ዞራ፣ አሁን ወረቀቱ ላይ በቀኝ መተላለፊያው ላይ ተቀምጣለች፤ ባለቤቴ በተደፈነው ቦይ ላይ ናና ባስተከለችኝ ቦታ። ደብዳቤው በዘጠና ቀን ውስጥ ግንባታውን ከሰነዱ ጋር እንዳስማማ ያሳስበኛል።

ለባለቤቴ አነበብኩላት። ድገመው አለችኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችና፣ ጥሩ ወረቀት ነው፣ መስታወት ውስጥ አስገባውና አዲሷ ክፍል ውስጥ ከመቀመጫው ፊት ለፊት ስቀለው አለች። እንግዳ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ነገር ይኑረው ብላ ነው። ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ሰው እዚያ ገብቶ ይቆያል፣ ሲወጣም እየሳቀ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሜትር በሰፈራችን ሲያልፍ ሊጠይቀን ጎራ አለ። እሱም ገባ፣ እሱም ቆየ። ሲወጣ ግን አልሳቀም፣ በሥራ ፊቱ ነበር።

"አባት፣ ሥዕሉ ላይ የሰሜን ቀስት የለም" አለኝ።

ሄጄ አየሁት። የለም። ሲገለብጡት ወድቋል።

"ቀስት የሌለው ንድፍ ምን ይደረጋል ነበር የምትሉት?" አለችው ባለቤቴ ከአልጋዋ።

"ይመለሳል እማማ።"

"ይመለስላቸዋ።"

ደብዳቤውን ከመስታወቱ አወጣሁት፣ ግልባጩን አስቀርቼ ለእነሱ የሚሄደው ጀርባ ላይ ምክንያቱን ጻፍኩ፣ ፈረምኩበት። በሰማያዊ ቀለም።